ማንም ያልጠየቀኝ ፓስፖርት

ዩኒቨርሲቲ የመረጥኩት የቆሻሻ ቅርጫት እያየሁ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ስድስት ዓመት በሰው ቤት የሠራች ሴት አንድን ቤት የምታውቀው ሳሎኑን አይታ አይደለም። ሳሎንማ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው። የቤቱን ጠባይ የሚናገሩት ፍሪጁ፣ የሠራተኛዋ መታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤቱ ቅርጫት ናቸው። ቅርጫቱ ውስጥ ያልተነካ ዶሮ ተጥሎ፣ ለአንቺ ግን የትናንት ሩዝ ተቀምጦ ካገኘሽ፣ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ደግመሽ አስቢበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንቺ በፊት እዚያ ቤት የነበረችውን ልጅ ፈልገሽ ጠይቂ። እዚህ አገር እርስ በርሳችን የተማማርነው ትምህርት ይኸው ነው። ዲግሪ አይሰጥበትም።

እኔ ግን ዲግሪ ፈለግኩ፤ ያውም በዓለም አቀፍ ግንኙነት።

ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሼ፣ ውጤቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሻንጣዬ ሥር አድርጌ ነው ከዱባይ ጎን ያለችው ሻርጃ የገባሁት። አረብኛዬ ሲቃና ማዳም ስልክ ታቀብለኝ ጀመር። የእህቷ ሠራተኛ አልግባባ ስትል፣ የጎረቤቷ ልጅ ስታለቅስ፣ ኤጀንሲው አዲስ ልጅ ሲያመጣ እኔን ያገናኙኛል። ማዳሟ «ይቺ አህያ» ስትል እኔ «ማዳም ትንሽ ከፍቷታል» እላለሁ። ልጅቷ «እሷን ብሎ ሰው!» ስትል እኔ «ይቅርታ ትላለች» እላለሁ። ለሁለቱም ወገን እየዋሸሁ አስታርቄ ስልኩን እዘጋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሽንኩርቴ እመለሳለሁ። ልጆቹን ለብቻቸው ሳገኛቸው ደግሞ መብታቸውን እነግራቸው ነበር። ደሞዝሽን በቀኑ፣ ስልክሽን በእጅሽ፣ ፓስፖርትሽን ማንም እንዲይዝብሽ ሕጉ አይፈቅድም። በቃሌ የማውቀው ትምህርት ነበር።

የእኔ ፓስፖርት ታዲያ የማዳም መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ያለው ሦስተኛው መሳቢያ፣ ከወርቋ ሣጥን ሥር። ያንን መሳቢያ ስድስት ዓመት በየሳምንቱ ከላይ ከላይ ወለወልኩት። ቁልፍ የለውም። አንድ ቀን እንኳ ስቤ አልከፈትኩትም። ይህን ማስታወስ ራሱ ይቀፈኛል፤ ግን ሳልናገረው የሚቀጥለው ነገር አይገባም።

ከዚያ ቤት ወጥቼ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ። ቪዛዬ ሲዛወር ፓስፖርቴ እጄ ገባ፤ እኔም በላስቲክ አድርጌ ከፍራሼ ሥር አኖርኩት። ከሻርጃ ቀጥላ ባለችው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር፣ በመጋረጃ ከተከፈለ ክፍል ውስጥ አንድ ቢድ ስፔስ፣ የአልጋ ቦታ ማለት ነው፣ አለኝ። የመጋረጃ ጎረቤቴ የከሚሴ ሴት ናት፤ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች፤ እትዬ እላታለሁ። ማታ ማታ ከስልኬ ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሳነብ ታየኛለች።

«ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አገርና አገር ሲነጋገር፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ ማለት ነው።»

«ዋላሂ፣ ይሄንንማ ከማዳም ጋር ስንሠራው የኖርነው አይደል? ለሱ ደግሞ ልትከፍዪ ነው?»

ሳቅኩ፤ ግን ልቤ ቆርጦ ነበር። የክሊኒኩ ዶክተር «በዚህ መስከረም ከጀመርሽ የማታውን ፈረቃ ለሌላ ሰው እሰጥልሻለሁ፤ ካልጀመርሽ ግን በፈረቃው ለሁለት ዓመት ትፈርሚልኛለሽ» ብሎኛል። ያጠራቀምኩትም ለአንድ ምዝገባ የሚበቃ ነው። ብሳሳት የምመለስበት በር የለም። ስለዚህ አንዱን፣ ትክክለኛውን፣ በመስከረም።

አማካሪዋን ያገኘኋት ዱባይ፣ ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ የዩኒቨርሲቲዎች ትርኢት ላይ ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ እስክሪብቶ፣ ቸኮሌትና የጨርቅ ቦርሳ ያድላል። ስለ ትምህርቱ ስትጠይቂ ስልክ ቁጥርሽን ይጠይቁሻል።

«ይህን ትምህርት ማነው የሚያስተምረው?» አልኩት ክራባት ያነቀውን አንዱን ወጣት።

«ካምፓሳችን ከሜትሮ ሦስት ደቂቃ ነው» አለኝ።

«መምህራኑ እነማን ናቸው?»

«ጂም አለን። የሴቶች ለብቻው።»

የትኛውንም ጥያቄ ብታመጪ መልሱ ሕንጻ ነው። እኔ ሕንጻ ሳጸዳ ነው የኖርኩት፤ ሕንጻ አያስደነግጠኝም። ቸኮሌቱን በልቼ ልወጣ ስል ነው ሽቶዋ ቀድሟት የመጣችው።

«ሀበሻ! የኔ ቆንጆ!» አለችና አቀፈችኝ። አርባ ገደማ ይሆናታል፤ ጥፍሯ እንደ ማንኪያ ረዝሟል። ተማሪና ዩኒቨርሲቲ የሚያገናኝ ቢሮ እንዳላት፣ ለተማሪው አገልግሎቱ ነጻ እንደሆነ ነገረችኝ። ነጻ የሚለውን ቃል ስሰማ መንቃት ነበረብኝ። እዚህ አገር ያመጣኝ ኤጀንሲም ቪዛው ነጻ፣ ትኬቱ ነጻ ብሎኝ ነበር። ግን አማርኛ ናፍቆኝ ኖሯል። በአማርኛ «ጎበዝ፣ ተማሪ» ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዓመቱ።

ቢሮዋ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር፣ ክሪክ ከሚሉት የባሕር ሰርጥ ዳር ነው። በሳምንቱ ሄድኩ። መስኮቱ ወደ ውሃው ያያል፤ ከታች የእንጨት ጀልባዎቹ ወደ በርበራና ወደ ሌላም ቦታ የሚሄደውን ፍሪጅ፣ ጎማና ፍራሽ ይጭናሉ። «እስቲ ወረቀቶችሽን ልይልሽ» አለችኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን፣ ትርጉሙን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዬን፣ ፓስፖርቴን፣ ፎቶዬን በተርታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩ። አየች፣ ኮፒ አደረገች፣ አደነቀች። ከዚያም በወፍራም ወረቀት የታተመ አንድ መጽሔት ፊቴ ዘረጋች። ዱባይ ያለ የአንድ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ነው፤ ስሙን አልጠራም።

«ላንቺ ይሄ ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ። የባንዲራ አዳራሽ አላቸው፤ ተማሪዎቹ እንደ መንግሥታት ተቀምጠው ይከራከራሉ። በዚህ ወር ቦታ አስይዢ።»

«እስቲ ሌሎቹንም ልያቸው» አልኩ።

«እይ የኔ ማር፣ እይ! ግን የትም ዞረሽ እዚህ ነው የምትመጪው» አለች፤ ሳቀች፤ እኔም የውጤት ወረቀቶቼን ከትቼ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ፈቃድ ከክሊኒኩ ወስጄ ዞርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት አጅማን፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቢሆንልኝ የአውቶቡስ ሰልፍ ይቀርልኝ ነበር። መዝጋቢው ትሑት ሰው ነው። ትምህርቱ የለንም አለኝ፤ ግን ሊለቀኝም አልፈለገም። «ቢዝነስ አለን። ቢዝነስም ያው ከዓለም ጋር መገናኘት ነው» አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የእኔ። አመስግኜው ወጣሁ።

ዱባይ ያለውን ቅርንጫፍ ለመጎብኘት እንደ እኔ ያሉ አምስት ሰዎች ነበርን። አስጎብኚያችን አንድ ፈገግተኛ ልጅ ነው። መግቢያው እብነ በረድ፣ ሊፍቱ መስታወት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበሮቹ ፕላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። የባንዲራው አዳራሽ ተከፈተልን፤ ያምራል። የአገሬን ባንዲራ ፈልጌ አገኘሁት፤ ማጠፊያው ላይ የነበረው መስመር እንኳ አልጠፋም። ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ሰዎቹ ፎቶ ሲነሱ እኔ ወደ ቅርጫቶቹ ሄድኩ። በመማሪያ ክፍሎቹ ያሉት አራቱም ቅርጫቶች ባዶ ናቸው፤ ከረጢታቸው አልተጨማደደም። ትምህርት ያለበት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ።

ሽንት ቤት ውስጥ መስታወት የምትወለውል ልጅ በመስታወቱ አየችኝ።

«ሀበሻ ነሽ?»

የጎጃም ልጅ ናት። በሩን ገርበብ አደረግንና እንደ ደንቡ ጠየቅኳት። ቤቱ እንዴት ነው? ሰዎቹስ?

«አይ እህቴ፣ የባንዲራውን ክፍል የምወለውለው እንግዳ ሲመጣ ነው። ቁልፉ ያለው ከማስታወቂያዎቹ ሰዎች ጋ ነው።»

«መምህራኑስ?»

ከኪሷ አንድ ጫፉ የተጣመመ መፋቂያ አወጣች። «ይቺ ለምንድን ነው የምትመስልሽ? የበር ላይ ስማቸውን የምልጥባት ናት። አንዱን ስለጥፍ አንዱን ስልጥ ነው የምውለው። ሙጫው ጥፍሬን ጨረሰው።»

ከዚያ ሕንጻ ስወጣ የተሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም፤ አፌ መረረኝ። ያንን ያማረ ባንዲራ ታጥፎ ተቀምጦ እንግዳ ሲመጣ እንደሚዘረጋ የጠረጴዛ ልብስ አድርገውታል። አስጎብኚው በር ላይ የጨርቅ ቦርሳ ሰጠኝ፤ አልቀበልም አልኩት። ተቀብዬው እንደነበር ያስተዋልኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

የሻርጃው ዩኒቨርሲቲ የምፈልገው ትምህርት አለው፤ ግን አሮጌ ነው። የመኪና ማቆሚያው አሸዋ ገብቶበታል፤ ሊፍቱ ያቃስታል፤ መግቢያው ላይ ቸኮሌት የለም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማታ ተማሪዎች ገና ሲገቡ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ቅርጫት ሳየው ልቤ ደስ አለው። በተሰረዘ ወረቀት፣ በሻይ ኩባያና በእርሳስ ፍቅፋቂ ሞልቶ ፈሷል። አንዱን የተጨማደደ ወረቀት አነሳሁ። ስለ ወንዝ ውሃ ክፍፍል አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሰርዞታል፤ በዳሩ ላይ መምህሩ በቀይ «እዚህ ጋ ደፍረህ ተናገር» ብሎታል። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ አላፍርም።

አንድ ሰውዬ መወልወያውን ተደግፎ ቆሟል። ወረባቦ ነው አገሩ፤ ሙሀይስና፣ የሠራተኞች ካምፕ ያድራል።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» አልኩት።

«እስኪወጡልኝ ነዋ! የቀኑ ክፍል ካለቀ ቆይቷል። መምህርየውም አይወጣ፣ ልጆቹም አይወጡ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ሰርቪሱ ያመልጠኛል እያልኩ ስንቴ ነገርኳቸው። ሙሽኪላ፣ ችግር የሆኑ ሰዎች ናቸው።»

ከእሱ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። ቤቱን አገኘሁት።

ማክሰኞ ዕለት ልመዘገብ ሄድኩ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሻርጃ ዓርብ አይሠራም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ጠና ያለች ሱዳናዊት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አየች፤ በአረብኛ ነበር የምናወራው።

«ጥሩ ውጤት ነው። ፓስፖርትሽ?»

«ቢሮ ነው።»

«የት ቢሮ?»

«የአማካሪዎቹ። እነሱ ጋ ነው ያለው።»

«ለእነሱ ነው የምትሠሪው?»

«አይ። እኔ ደንበኛቸው ነኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠችና አየችኝ። ያኔ ነው የገዛ ድምፄ ጆሮዬ የደረሰው። እነሱ ጋ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ፓስፖርትሽ የት ነው ላለኝ ሁሉ የመለስኩት ይህንኑ ነው፤ በዚያው ድምፅ፣ ያለ ምንም ቅሬታ። ሁለት ሳምንት ፍራሼ ሥር ያለው ላስቲክ ባዶ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ እጄን ሰድጄ አልፈለግኩትም። አማካሪዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ተነሳሁ፣ ወጣሁ። ፓስፖርትን ቢሮ ውስጥ ትቶ መውጣት ለእኔ ጃንጥላን በር ላይ ትቶ እንደመግባት ሆኗል።

«ዋናውን ሳላይ አልመዘግብሽም። እስከ ሐሙስ አምጪው» አለችኝ።

ለእትዬ ስነግራት ጭኗን መታች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! አንቺ አይደለሽ እንዴ በስልክ ሁሉንም ‹ፓስፖርትሽን እንዳትሰጪ› የምትዪ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዋላሂ ዲግሪው ያስፈልግሻል» አለች።

ረቡዕ ዴራ ሄድኩ። አማካሪዋ አቀፈችኝ፤ ሽቶዋ ልብሴ ላይ ቀረ። ፓስፖርቴን ፈልጌ መጣሁ ስላት ፊቷ አልተለወጠም።

«መሳቢያው ተቆልፎ ነው። ቁልፉ ሙዲሩ ጋ ነው፤ እሑድ ይመጣል።» ሙዲር የምትለውን አለቃዋን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሑድ የሚመጣ ሰው ነው።

«ነገ ሻርጃ እመዘገባለሁ። ዛሬ ያስፈልገኛል።»

«ሻርጃ? እዚያ አሮጌ ቤት?» ሳቀች። «ምን አስቸኮለሽ የኔ ማር። የዱባይን ቦታ ዛሬ ብታስይዢ እኮ ፓስፖርትሽ ከቅበላ ደብዳቤው ጋር ራሱ ይመጣልሻል።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዩኒቨርሲቲው በየተማሪው ስለሚከፍላት ፓስፖርቴ መያዣ ሆኗል። የሚያስጠላው ደግሞ ማስፈራሪያ አለመሆኑ ነው። በፍቅር ነው የምትናገረው፣ ትከሻዬን እያሻሸች። ጥፍሯ በሸሚዜ ላይ ሲሄድ ቆዳዬ ተሸማቀቀ፤ እጇን አነሳሁላት። ግን ጩኸት አልወጣኝም። ወጥቼ አውቶቡስ እስክሳፈር ድረስ ማለት የነበረብኝን ነገር ሁሉ በልቤ ተናገርኩ፤ በስልክ ለሌላው ስናገር የኖርኩትን ሁሉ።

«አትጩኺ» አለችኝ እትዬ ማታ። «ጩኸት ይወዳሉ፤ ‹እብድ ናት› ይሉሻል። ሄደሽ ተቀመጪ። እንግዳ ባለበት ተቀመጪ። ማዳም የምታፍረው እንግዳ ፊት ነው።»

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ገብቼ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አማካሪዋ አየችኝና ስልክ የያዘች መሰለች። ከታች ጀልባ ይጭናሉ። አንድ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ፍሪጅ ላይ ወረቀቱን በሰፊ ማጣበቂያ ይለጥፋል። የፍሪጁ ወረቀት ከፍሪጁ አይለይም። ይህን እያየሁ አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ።

ሦስት ልጆች መጡ፤ ሁሉም ሀበሾች፣ ሁሉም ደብተር እንደያዙ። አንዷ ነርስ ልትሆን ትፈልጋለች፤ ሁለቱ አካውንቲንግ። የእጃቸው ቆዳ የሰው ቤት ሲያጸዳ እንደኖረ ይናገራል። ሰዓቴን አየሁና በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«ፓስፖርታችሁን ሰጥታችኋል?»

«አዎ» አለች ነርሷ።

«መቼ?»

«መጀመሪያ የመጣን ቀን።»

«ማን ጠየቃችሁ?»

ተያዩ። «ጠረጴዛው ላይ ነው የተውነው» አለች አንዷ። ማንም አልጠየቃቸውም። ሦስቱም አስቀምጠው ነው የሄዱት። እንደ እኔ። ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም፤ እትዬ የከለከለችኝ ጩኸት መጣ።

«እኔም ሰጥቻለሁ! ዛሬ ካልወሰድኩት ትምህርቴ ይቀራል። ቁልፉ እሑድ ነው የሚመጣው ትለኛለች!»

አማካሪዋ ከውስጥ ወጣች። ፈገግታዋ የለም። «ግቢ» አለችኝ። በሩን ዘጋች።

«ደንበኞቼ ፊት ታዋርጂኛለሽ? እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ፓስፖርቴን ያዝሽ።»

«እኔ?» ጣቷን ደረቷ ላይ አደረገች። «ስጪኝ ብዬሻለሁ? አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ፓስፖርትሽን ስጪኝ ብዬ ጠይቄሽ አውቃለሁ? ራስሽ አስቀምጠሽው ሄድሽ። ሁላችሁም አስቀምጣችሁ ነው የምትሄዱት። እኔ ምን ላድርግ፣ መንገድ ላይ ልጣለው? ቢድ ስፔስ ውስጥ ከሚሰረቅ እዚህ ይሻላል ብዬ ነው። የእኔንም ፓስፖርት ማዳሜ አሥራ አንድ ዓመት ይዛልኝ ነበር። ምን ሆንኩ? ምን ጎደለብኝ?»

ዓይኗ ላይ ውሸት ፈልጌ አጣሁ። ከምሯ ነው። ይህ ከቁልፉ ውሸት በላይ አንገሸገሸኝ፤ ምክንያቱም ስለ እኔ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። አልጠየቀችኝም።

«እሺ» አልኩ። «አልጠየቅሽኝም። አሁን እኔ እየጠየቅኩሽ ነው።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለችና መሳቢያውን ሳበችው። አልተቆለፈም ነበር። ውስጡ ፓስፖርቶች በጎማ ማሰሪያ እየታሰሩ እንደ ጎመን ተደርድረዋል፤ በየእስሩ ላይ ቢጫ ወረቀት። የእኔን መዝዛ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሂጂ፤ አሮጌ ቤትሽ ተማሪ። ሁለተኛ ግን በእኔ በር እንዳላይሽ!»

ስወጣ ለሦስቱ ልጆች «መሳቢያው አይቆለፍም» አልኳቸው። ነርሷ ብድግ አለች። ሁለቱ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበርና በታክሲ ወደ ሻርጃ በረርኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሹፌሩን «ያላ፣ ያላ» እያልኩ አስመረርኩት። ፓስፖርቴን በሁለት እጄ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፤ የአማካሪዋን ሽቶ ይሸት ነበርና በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስኩ። ሱዳናዊቷ መስኮቷን ልትዘጋ መነጽሯን አውልቃለች፤ ስታየኝ መልሳ አጠለቀችው።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

እጇን ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ። ጫፉን ያዘች፤ ሳብ አደረገች፤ አልመጣላትም።

«ኮፒ ላደርገው ነው እህቴ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ልቀቂው እንግዲህ።»

ልለቀው ፈልጌ ነበር። ምን ያለች ደግ ሴት እንደሆነች ፊቷ ይናገራል፤ መዝጊያ ሰዓቷ ደርሷል፤ ቤቷ ልጆች ይጠብቋታል። ግን ጣቶቼ እንቢ አሉ። ስንት ዓመት የትም ጥለውት የሚሄዱት ጣቶች አሁን ደግሞ አልከፈት አሉ፤ በራሴ ተናደድኩ፤ አፈርኩ። እሷ አልተቆጣችም። ከመስኮቱ ጎን ያለውን በር በግራ እጇ ከፈተችልኝ።

«ነይ ግቢ» አለች።

ፓስፖርቱን እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን፣ ወደ ኮፒ ማሽኑ አብረን ሄድን።